ሌላ ስርዓተ ክወና የሚጫንበት ስማርት ስልክ እንዴት ይመረጣል?

አምራቹ ከጫነው አንድሮይድ ይልቅ ሌላ ስርዓተ ክወና በስልኩ ላይ ማስገባት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱን ይሻል። ወይ አምራቹ ማዘመን ያቆመለትን ስልክ ዕድሜ ማራዘም፣ ወይ ከስልኩ ጋር አብረው የመጡትን ማስታወቂያዎችና የማይጠፉ መተግበሪያዎች ማስወገድ፣ ወይ ደግሞ ስለ እሱ የሚሰበሰበውን መረጃ መቀነስ ይፈልጋል። እነዚህ ዓላማዎች የሚጠይቁት ስልክ አንድ ዓይነት አይደለም። የሥራው ቅደም ተከተል ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ መጀመሪያ ስርዓተ ክወናው ይመረጣል፣ ቀጥሎ ያ ስርዓት በይፋ ከሚደግፋቸው ስልኮች መካከል ለኪስ የሚስማማው ይፈለጋል። በተግባር የሚታየው ተቃራኒው ነው። ሰዉ በካሜራውና በመልኩ ወድዶ ስልኩን ከገዛ በኋላ «ለዚህ የሚሆን ሮም (ተዘጋጅቶ የሚጫን ሌላ ስርዓተ ክወና) ይኖር ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ «የለም» ነው።

ስርዓቱ ይቅደም

ለአብዛኛው ገዢ ሦስት ስሞችን ማወቅ ይበቃል። የመጀመሪያው ሊኒየጅ ኦኤስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ሳያኖጅንሞድ የተባለው ፕሮጀክት ሲዘጋ በእሱ ፋንታ የተነሣና በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ስርዓት ሲሆን፣ ከበርካታ አምራቾች የመጡ እጅግ ብዙ ስልኮችን ይደግፋል። የስልክን ዕድሜ ለማራዘም የሚፈልግ ሰው ፍለጋውን ከዚህ ቢጀምር ይመረጣል። ለምሳሌ ዋንፕላስ 6 እ.ኤ.አ. በ2018 ከአንድሮይድ 8.1 ጋር ገበያ ላይ ውሎ አምራቹ አንድሮይድ 11 ላይ አቁሞለታል፤ ሊኒየጅ ኦኤስ ግን እስከ አንድሮይድ 15 አድርሶታል።

ሁለተኛው ግራፊን ኦኤስ ሲሆን ትኩረቱ ደኅንነት ነው። የሚሠራው በጎግል ፒክስል ስልኮች ላይ ነው። ይህ ለብዙዎች እንቆቅልሽ ይሆንባቸዋል፤ ከጎግል ዓይን ለመራቅ የጎግልን ስልክ መግዛት ያስቃል። ምክንያቱ ግን ቴክኒካዊ ነው። ፒክስል ቡትሎደሩ (ስልኩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሣው ፕሮግራም) ከተከፈተና አዲሱ ስርዓት ከተጫነ በኋላ በአዲሱ ስርዓት ፊርማ መልሶ እንዲቆለፍ ይፈቅዳል፣ ታይታን ኤም2 የተባለ ራሱን የቻለ የደኅንነት ቺፕ አለው፣ የቺፖቹም ውስጣዊ ሶፍትዌር በየጊዜው ይታደሳል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ አሟልቶ የሚሸጥ ሌላ ስልክ ማግኘት ቀላል አልሆነም።

ሦስተኛው ኢ ኦኤስ ነው። በሊኒየጅ ኦኤስ ላይ የተገነባ ሆኖ የጎግልን አገልግሎቶች ማይክሮጂ በሚባል ምትክ ይተካል። አውሮፓ ውስጥ የሚኖር አንባቢ ሙሬና ከተባለው ድርጅት ፌርፎን ስልክን ይህ ስርዓት ተጭኖበት መግዛት ስለሚችል፣ ራሱ ምንም መጫን ሳያስፈልገው ይገላገላል። ገመድና ትእዛዝ መጻፍ ለሚያስፈራው ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ከእነዚህ ውጪ በርካታ ትንንሽ ፕሮጀክቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ መልካቸው የሚያምር፣ አንዳንዶቹም ፈጣን ናቸው። ነገር ግን ፕሮጀክቱ በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ዳይቨስት ኦኤስ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ሥራውን አቁሟል፤ ካሊክስ ኦኤስም እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ ዝመና መልቀቁን አቋርጦ ተጠቃሚዎቹን ወደ ሌላ ስርዓት እንዲዘዋወሩ መክሯል። ስለዚህ በአንድ ስርዓት ብቻ የሚደገፍ ስልክ ከመግዛት ቢያንስ ሁለት ስርዓቶች በይፋ የሚደግፉትን መግዛት ይሻላል። ፒክስል፣ ፌርፎንና አንዳንድ የዋንፕላስ ሞዴሎች ይህን ያሟላሉ።

የማይከፈት ቡትሎደር

ቡትሎደር ስልኩ ሲበራ ከሁሉም ቀድሞ የሚነሣና የሚጫነው ስርዓት የአምራቹን ፊርማ የያዘ መሆኑን የሚያረጋግጥ አነስተኛ ፕሮግራም ነው። ካልተከፈተ ሌላ ስርዓት መጫን አይቻልም፤ መከፈት አለመከፈቱን የሚወስነውም አምራቹ ወይም ስልኩን የሸጠው የቴሌኮም ኩባንያ ነው። የስልኩ ፍጥነት፣ ዋጋም ሆነ ዝና ለዚህ ጉዳይ ምንም አይረዳም።

እዚህ ላይ በገበያ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሻጩ «ይሄ አንሎክ ነው» ሲል የሚናገረው ስለ ሲም ካርድ ነው፤ ማለትም ስልኩ የማንኛውንም ኩባንያ ሲም ይቀበላል ማለቱ ነው። የቡትሎደር መከፈት ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ጉዳይ ነው። የማንኛውንም ሲም የሚቀበል፣ ቡትሎደሩ ግን ለዘላለም የተዘጋ ስልክ ሞልቷል። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚመጡት የቬራይዘን ፒክስሎች የዚህ ዋና ምሳሌ ናቸው። በአዲስ አበባ የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም ሲም ተቀብለው ያለ ችግር ይሠራሉ፣ ነገር ግን ቡትሎደራቸው አይከፈትም። ስለዚህ አሜሪካ ያለ ዘመድ ስልክ እንዲልክ ሲጠየቅ «ፒክስል ላክልኝ» ማለት አይበቃም፤ ከቴሌኮም ኩባንያ ሳይሆን ከጎግል መደብር ወይም ከኩባንያ ነፃ ሆኖ ከሚሸጥበት ቦታ የተገዛ መሆን እንዳለበት ማስረዳት ያስፈልጋል። በወር በወር በሚከፈል ውል የተወሰደ ስልክ፣ ከቬራይዘን ውጪ ካሉ ኩባንያዎች የመጣም ቢሆን፣ ዕዳው እስኪጠናቀቅ ድረስ ላይከፈት ይችላል።

በየአምራቹ

ከአምራቾች መካከል ዛሬም ቀዳሚው ምርጫ ፒክስል ነው። ከፒክስል 8 ጀምሮ ያሉት ስልኮች ከወጡበት ጊዜ አንሥቶ ለ7 ዓመት የሶፍትዌር ዝመና እንደሚያገኙ ጎግል ቃል ገብቷል፤ ፒክስል 6 እና 7 ደግሞ ለ5 ዓመት ያገኛሉ። ይህ ቁጥር የጎግልን ስርዓት ለማይጠቀም ሰውም ይመለከተዋል፤ ምክንያቱም የሞደሙን (ስልኩን ከኔትወርክ ጋር የሚያገናኘውን ቺፕ) እና የሌሎቹን ቺፖች ዝግ ሶፍትዌር ማደስ የሚችለው አምራቹ ብቻ ነው። ሊኒየጅ ኦኤስ የአንድሮይድን የደኅንነት ቀዳዳዎች ይደፍናል፣ አምራቹ የተወውን የሞደም ቀዳዳ ግን መድፈን አይችልም። በዚህ ምክንያት ግራፊን ኦኤስ የጎግል ዝመና የተቋረጠበትን ስልክ ከሙሉ ድጋፍ ያወጣል። ፒክስል 6 እ.ኤ.አ. እስከ ኦክቶበር 2026፣ ፒክስል 8 እስከ ኦክቶበር 2030፣ ፒክስል 8ኤ እስከ ሜይ 2031 ድረስ ዝመና አላቸው፤ በመሆኑም ያገለገለ ፒክስል ሲገዛ ዋጋውን ለቀሩት ዓመታት አካፍሎ ማየት ተገቢ ነው። በርካሽ የሚገኘው ፒክስል 6 በዚህ ስሌት ከፒክስል 8ኤ ይልቅ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ስለ ፒክስል ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ይታከሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 አንድሮይድ 16 ሲወጣ ጎግል ቀድሞ ከአንድሮይድ ምንጭ ኮድ ጋር ያወጣቸው የነበሩትን ለፒክስል የተዘጋጁ ፋይሎች ማውጣቱን አቁሟል፤ ስለዚህ ሥራው ለገንቢዎቹ እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ሁለተኛው የፒክስል 6ኤ ባትሪ ነው። ጎግል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2025 ባትሪያቸው 400 ዙር የተሞላ አንዳንድ የፒክስል 6ኤ ስልኮችን ኃይል የመያዝ አቅም በዝመና ቀንሷል፤ ያገለገለውን የሚገዛ ሰው ባትሪውን ማስቀየር እንዳለበት አስቦ ዋጋ ይደራደር።

ሳምሰንግ በአገራችንም ሆነ በውጭ በብዙ ሰው እጅ የሚገኝ ስለሆነ ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በሳምሰንግ ዘንድ ወሳኙ የስልኩ ስም ሳይሆን በሞዴል ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ነው። ጋላክሲ ኤስ10ን እንውሰድ። «ኤስኤም-ጂ973ኤፍ» የሚለው ለዓለም አቀፍ ገበያ የተሠራ፣ የሳምሰንግን ኤግዚኖስ ቺፕ የያዘና ቡትሎደሩ የሚከፈት ነው፤ «ኤስኤም-ጂ973ዩ» የሚለው ደግሞ ለአሜሪካ የተሠራ፣ ስናፕድራገን ቺፕ ያለውና ቡትሎደሩ የማይከፈት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ በዓይን መለየት አይቻልም። የሳምሰንግ ቡትሎደር ሲከፈትና ሌላ ስርዓት ሲጫን በቺፑ ውስጥ ኖክስ የሚባለው ምልክት በቋሚነት ይቃጠላል፤ ከዚያ በኋላ የፋብሪካው ስርዓት ቢመለስም እንኳ ሴኪዩር ፎልደር (የግል ፋይሎች የሚቆለፉበት ክፍል) እና የሳምሰንግ ክፍያ አይሠሩም። ይባስ ብሎ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2025 ዋን ዩአይ 8 በተባለው ስርዓት ላይ ቡትሎደር የመክፈቻውን ምርጫ አንሥቶታል። ስለዚህ አዲስ ሳምሰንግ ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ የሚታሰብ ከሆነ ዋን ዩአይ 8 ያልደረሰበት፣ ለዓለም አቀፍ ገበያ የተሠራ የቆየ ሞዴል ብቻ ነው።

ሻኦሚ፣ ሬድሚና ፖኮ ለዓመታት የካስተም ሮም ወዳጆች ገነት ነበሩ። ዛሬ በሩ ጠብቧል። መክፈቻው የሻኦሚ አካውንት፣ ሲም ካርድና የሞባይል ዳታ ይጠይቃል፤ ቀድሞም ቢሆን 168 ሰዓት፣ ማለትም ሙሉ ሳምንት፣ ማስጠበቅ የተለመደ ነበር። ሃይፐር ኦኤስ የተባለው የኩባንያው አዲስ ስርዓት ከመጣ ወዲህ ደግሞ በኩባንያው መተግበሪያ በኩል ፈቃድ መጠየቅ ግድ ሆኗል፤ ለቻይና ገበያ በተሠሩት ላይም ሁኔታው የበለጠ ከባድ ነው። አንድ ትልቅ ወጥመድ አለ፤ አንዳንድ ነጋዴዎች ለቻይና የተሠራውን ስልክ ዓለም አቀፉን ስርዓት ጭነውበት ይሸጣሉ። እንዲህ ያለውን ስልክ ቡትሎደር መልሶ መቆለፍ ስልኩን ከሥራ ውጪ ያደርገዋል።

ዋንፕላስ፣ በተለይ ከ5 እስከ 9 ያሉት ሞዴሎች፣ ኮድ ሳይጠይቁ በአንድ ትእዛዝ የሚከፈቱ ናቸው፤ ከቲ-ሞባይል የተገዙት ግን የተለየ የመክፈቻ ፋይል ይፈልጋሉ። ሞቶሮላ በድረ ገጹ በኩል የመክፈቻ ኮድ ይሰጣል፣ ለሁሉም ሞዴል ግን አይደለም። ሶኒ ኤክስፔሪያም እንዲሁ ኮድ ይሰጣል፤ መከፈት አለመከፈቱን ለማወቅ በመደወያው ላይ *#*#7378423#*#* ተጭኖ በሚወጣው ምናሌ ውስጥ ስለ ቡትሎደር የሚናገረውን መስመር ማንበብ ይበቃል፤ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ለማረጋገጥ ከዚህ የቀለለ የለም። ፌርፎን 5 እ.ኤ.አ. እስከ 2031 ድረስ ድጋፍ እንዳለው አምራቹ ያስታወቀ ሲሆን፣ ባትሪውንና ስክሪኑን በአንድ ካቻቪቴ መቀየር ይቻላል።

ሁዋዌ እ.ኤ.አ. በ2018 የመክፈቻ ኮድ መስጠት አቁሟል። ከዚያ በኋላ የወጡትን የሁዋዌ ስልኮች፣ እንዲሁም የቪቮና አብዛኞቹን የኦፖ ሞዴሎች ለዚህ ዓላማ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ስለ ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል

በኢትዮጵያ ስለ ስልክ ሲጻፍ እነዚህን ማለፍ አይቻልም፤ ባለቤታቸው ትራንሽን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገር ውስጥ ስልክ ሲገጣጥም ቆይቷል። ለዋጋቸው ጥሩ ስልኮች ናቸው፤ ባለ ሁለት ሲም ናቸው፣ መለዋወጫቸውም በየሠፈሩ ይገኛል። ለሌላ ስርዓተ ክወና ግን አይመቹም። ብዙዎቹ የሚዲያቴክ ወይም የዩኒሶክ ቺፕ የያዙ ናቸው፤ ለእነዚህ ቺፖች በግልጽ የሚገኘው የምንጭ ኮድ ትንሽ ስለሆነ ገንቢዎች ብዙም አይጠጓቸውም። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድሮይድ 8 ትሬብል የተባለውን አሠራር ካመጣ ወዲህ፣ ቡትሎደራቸው የሚከፈት ስልኮች «ጂኤስአይ» የሚባለውን ለሁሉም የሚሆን አንድሮይድ መጫን እንደሚችሉ እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ ለሁሉም የተሰፋ ልብስ በማንም ላይ በልክ አይቀመጥም፤ የጣት አሻራው፣ ካሜራው ወይም በ4ጂ መደወሉ የሚጎድልበት ጊዜ ብዙ ነው።

የቴክኖ ወይም የኢንፊኒክስ ባለቤት የሆነና ችግሩ ማስታወቂያና አላስፈላጊ መተግበሪያ ብቻ የሆነ ሰው ስርዓተ ክወና ከመቀየር ይልቅ ስልኩን ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ ኤዲቢ በሚባለው መሣሪያ እነዚያን መተግበሪያዎች ማሰናከል ይችላል። ቡትሎደር መክፈት አይጠይቅም፣ መረጃም አይጠፋም፣ ካልተወደደም ወደነበረበት ይመለሳል።

የመለያ ስሙን ማንበብ

እያንዳንዱ ስልክ በገንቢዎች ዘንድ የሚጠራበት የመለያ ስም አለው፤ የሚጫነው ፋይልም የሚለየው በዚህ ስም ነው። ፒክስል 6ኤ «ብሉጄይ»፣ ፒክስል 7ኤ «ሊንክስ»፣ ዋንፕላስ 6 «ኤንቺላዳ» ይባላሉ። ይህን ማወቅ ቅንጦት አይደለም። ሬድሚ ኖት 8 «ጊንክጎ» ሲሆን የኳልኮም ስናፕድራገን 665 ቺፕ ይዟል፤ ሬድሚ ኖት 8 ፕሮ «ቤጎኒያ» ሲሆን የሚዲያቴክ ሄሊዮ ጂ90ቲ አለው። በስም የሚለያዩት በአንድ ቃል ነው፣ በውስጣቸው ግን የተለያየ ኩባንያ ቺፕ ያላቸው ሁለት የተለያዩ ስልኮች ናቸው፤ የአንዱን ፋይል በሌላው ላይ መጫን ስልኩን ሊገድለው ይችላል። ሬድሚ ኖት 8ቲ ደግሞ ሦስተኛ ነው፤ መለያ ስሙ «ዊሎው» ነው።

የስልኩ መለያ ስም ከታወቀ በኋላ በመረጡት ስርዓት ድረ ገጽ ላይ ለዚያ ስልክ የተዘጋጀውን ገጽ ከፍተው በጥንቃቄ ያንብቡ። መጀመሪያ ስልኩ አሁን በሚደገፉት ዝርዝር ውስጥ መሆኑን ይዩ፤ ገጹ መኖሩ ብቻ ድጋፉ መቀጠሉን አያሳይም። ቀጥሎ የመጨረሻው ፋይል የወጣበትን ቀን ይመልከቱ፤ ሊኒየጅ ኦኤስ የሚደግፋቸውን ስልኮች በየጊዜው ስለሚያድስ ወራት ያለፈው ፋይል የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። የሚጠብቁት ገንቢዎች ስንት እንደሆኑም ይቁጠሩ። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ያ ሰው ሥራ ሲበዛበት ወይም ስልክ ሲቀይር ድጋፉ አብሮት ይሄዳል። ከዚያም ገጹ የትኞቹን የሞዴል ቁጥሮች እንደሚጠቅስ ያስተውሉ፤ ያልተጠቀሰ ቁጥር የማይደገፍ ቁጥር ነው። ከይፋዊው ድረ ገጽ ውጪ በቴሌግራም ቻናል የሚሰራጭ ሮምን በተመለከተ አቋሜ ቀላል ነው፤ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ስርዓተ ክወና የባንክ መረጃ በሚቀመጥበት ስልክ ላይ አይጫንም።

ባንክ፣ ቪዲዮና ኔትወርክ

ቡትሎደሩ የተከፈተ ስልክ የሚያጣቸው ነገሮች አሉ፤ ገዢው ከወዲሁ ሊያውቃቸው ይገባል። ጎግል «ፕሌይ ኢንቴግሪቲ» በሚባል ፍተሻ ስልኩ በአምራቹ ስርዓት ላይ መሆኑን ለመተግበሪያዎች ይነግራቸዋል። አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎች ይህን ፍተሻ ያላለፈ ስልክ ላይ አይከፈቱም፤ በጎግል ዋሌት ስልክ አስጠግቶ መክፈልም አይቻልም። ፊልም የሚያሳዩ አገልግሎቶችም የቅጂ መብት ጥበቃው ዝቅ ሲልባቸው ጥራቱን ዝቅ አድርገው ያሳያሉ። ግራፊን ኦኤስ ቡትሎደሩን መልሶ ስለሚቆልፍ ከሌሎቹ በተሻለ ብዙ የባንክ መተግበሪያዎችን ያስከፍታል፣ ሁሉንም ግን አይደለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚኖር ሰው አንድ ማምለጫ አለ። ቴሌብር በ*127#፣ የንግድ ባንክ ሞባይል ባንኪንግ በ*889#፣ ሲቢኢ ብርም በ*847# ይሠራሉ፤ እነዚህ ስልኩ ላይ ያለው ስርዓት ምንም ይሁን ምን ከኔትወርኩ ጋር በቀጥታ የሚነጋገሩ ስለሆኑ መተግበሪያው ቢከለከል እንኳ ገንዘብ ማስተላለፍ አይቆምም። አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም እስራኤል ያለ አንባቢ እንዲህ ያለ መውጫ ላያገኝ ይችላል፤ ስለዚህ የባንኩን መተግበሪያ ስምና የስርዓቱን ስም አብሮ ፈልጎ ሌሎች ተጠቃሚዎች ምን እንደገጠማቸው ሳያነብ ስልክ አይግዛ። በጥቅሉ መላ የገንዘብ ጉዳይ በአንድ ስልክ ላይ ላለበት ሰው፣ የመጀመሪያው ሙከራ በሁለተኛ ስልክ ላይ ቢሆን ይሻላል።

የኔትወርክ ጉዳይም እንደየአገሩ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 የ3ጂ ኔትወርካቸውን ስለዘጉ፣ በ4ጂ ላይ የሚደወልበት ቮልቲ የማይሠራበት ስልክ ለመደወል አይሆንም፤ ብዙ ስልኮች ላይ ደግሞ በካስተም ስርዓት መጀመሪያ የሚበላሸው ይኸው ቮልቲ ነው። ኤቲ ኤንድ ቲ በተለይ የሚቀበላቸውን ሞዴሎች በዝርዝር ስለሚወስን ለአውሮፓ የተሠራ ስልክ እዚያ ላይሠራ ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያሳስበው ሌላ ነው። የኢትዮ ቴሌኮምንና የሳፋሪኮምን ሲም አብሮ የሚይዝ ሰው ፒክስል አንድ የፕላስቲክ ሲም ብቻ እንደሚቀበልና ሁለተኛው ኢሲም (ካርድ የሌለው፣ በስልኩ ውስጥ የተሠራ ሲም) መሆን እንዳለበት፣ የማስታወሻ ካርድ ቦታም እንደሌለው ማወቅ አለበት። ሁለት የፕላስቲክ ሲም የግድ ከሆነ ዋንፕላስ ወይም ዓለም አቀፉ ሻኦሚ ይሻላል።

ስለ አማርኛ ስጋት አይግባ። የግዕዝ ፊደል ቅርጽ በራሱ በአንድሮይድ ምንጭ ውስጥ ስላለ ማንበብ በየትኛውም ስርዓት ይሠራል። ለመጻፍ ጂቦርድ የተባለውን የጎግል የፊደል ገበታ መጫን ወይም ከጎግል መራቅ ለሚፈልግ ሰው ኪማን የተባለውን መተግበሪያ ከአማርኛ ገበታው ጋር ማስገባት ይቻላል።

ሱቅ ውስጥ

ያገለገለ ስልክ ሲገዛ ሻጩ ፊት ቆሞ ማጣራት የሚገባው ከሳጥኑ ላይ ካለው ጽሑፍ ይበልጣል። *#06# ተደውሎ የሚወጣው አይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ ቁጥር) በሴቲንግ ውስጥ «ስለ ስልኩ» በሚለው ክፍል ካለው ጋር ይነጻጸር፤ እግረ መንገዱንም እዚያው የሞዴል ቁጥሩ ከነፊደሉ ይመዝገብ። ከዚያ «ቢልድ ነምበር» የሚለው መስመር ሰባት ጊዜ ይነካ፤ የገንቢዎች ምርጫ የሚባለው ክፍል ይከፈታል። በዚያ ውስጥ «ኦኢኤም አንሎኪንግ» የሚል ማብሪያ አለ። ፒክስል ላይ ይህ ማብሪያ ኢንተርኔት ካላገኘ ደብዝዞ ስለሚታይ፣ ከራስዎ ስልክ ሆትስፖት ሰጥተው ጥቂት ይጠብቁ። ኢንተርኔት አግኝቶም ከደበዘዘ ያ ስልክ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሻጩ «በኋላ ይከፈታል» ቢልም አይመኑ። ሳምሰንግ ላይ ማብሪያው ጨርሶ ካልታየም ነገሩ ያው ነው።

ፒክስልን አጥፍቶ የድምፅ መቀነሻውንና የማብሪያውን ቁልፍ አብሮ በመያዝ በሚመጣው ስክሪን ላይ ቡትሎደሩ የተቆለፈ ወይም የተከፈተ መሆኑ ተጽፎ ይታያል። ቀድሞ ተከፍቶ ከተገኘ ከእርስዎ በፊት ሌላ ሰው ነካክቶታል ማለት ነው፤ ይህ ብቻውን ስልኩን አያስጥልም፣ ነገር ግን የፋብሪካው ስርዓት ከመጀመሪያው ተጭኖ እንዲያዩት ይጠይቁ። የቀድሞው ባለቤት የጎግል አካውንት መውጣቱና ስልኩ ከሴቲንግ ውስጥ መጽዳቱም በዓይን ይታይ፤ በቁልፎች ተገድዶ የጸዳ ስልክ ሲነሣ የድሮውን አካውንት መልሶ ይጠይቃል።

ብዙ ሰው የሚረሳው የመጨረሻው ፍተሻ የቻርጀር ቀዳዳው ነው። ርካሽ መለዋወጫ የገባበት ቀዳዳ ባትሪ ይሞላል እንጂ መረጃ አያስተላልፍም፤ መረጃ የማያስተላልፍ ቀዳዳ ያለው ስልክ ላይ ደግሞ ከኮምፒዩተር ምንም መጫን አይቻልም። ላፕቶፕና ጥሩ ገመድ ይዞ መሄድ፣ ሰክቶም ፋይሎቹ መታየታቸውን ማየት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከገዙ በኋላ ቡትሎደሩን ወዲያው ለመክፈት አይቸኩሉ። መክፈቱ ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ ሻጩም ከዚያ ወዲያ ስልኩን መልሶ ላይቀበል ይችላል። የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ በፋብሪካው ስርዓት ካሜራውን፣ ማይክሮፎኑን፣ ሁለቱንም ሲም፣ የጣት አሻራውንና የባትሪውን ቆይታ ይፈትኑ፤ ያኔ የጎደለው ነገር በኋላ የአዲሱ ስርዓት ጥፋት መስሎ እንዳይታይ። በዚሁ ጊዜ የስልክዎን ሞዴል የፋብሪካ ፋይል አውርደው ኮምፒዩተር ላይ ያስቀምጡ፤ የፒክስሉ ከ2 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ዋይፋይ ባለበት ቦታ ቢሆን ጥሩ ነው። የመጫኛ መመሪያው ስልኩ በየትኛው የአንድሮይድ ስሪት ላይ መሆን እንዳለበት ስለሚገልጽ ከዚያ ያነሰ ከሆነ አስቀድመው ያዘምኑ፣ የበለጠ ከሆነም ወደ ኋላ ለመመለስ አይሞክሩ፤ ለምሳሌ ፒክስል 6 አንድሮይድ 13 ከገባበት በኋላ ወደ 12 ቢመለስ ቡትሎደሩ አይቀበለውም። መብራት በሚቆራረጥበት ሠፈር መጫኑ ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ይከናወን፤ ፋይሎቹም በሥራው መሀል ሳይሆን አስቀድመው ይውረዱ።